በድኻ ያልሣቀ አሣቂ

የነገሥታትን፥ የጦር አለቆችንና የሊቃውንትን ታሪክ መጻፍ በየአገሩ የተለመደ ነው። የአሣቂን ሰው ታሪክ ግን ብዙዎች እንደ ቀላል ነገር ይመለከቱታል፤ ይልቁንም በማዕርግና በክህነት ያሉ ሰዎች ሣቅ ከክብር ጋራ አይስማማም ብለው ያልፉታል። ዳሩ ግን ሣቅ ሁሉ አንድ አይደለም። በወደቀ ሰው ላይ የሚሣቅ ሣቅ አለ፤ የወደቀውን ሰው የሚያነሣ ሣቅም አለ። ይህ ሁለተኛው ሣቅ ለሹምም ለካህንም ትምህርት እንዳለው ለማስረዳት፥ ቻርሊ ቻፕሊን የተባለውን የእንግሊዝ ተወላጅ የሲኒማ ተዋናይ ታሪክ ከዚህ ቀጥሎ እንጽፋለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ቻፕሊን በ1889 ዓ.ም. በሎንዶን ከተማ ተወለደ። አባቱም እናቱም በመድረክ ላይ እየዘፈኑ የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ። ነገር ግን አባቱ ቤተ ሰቡን ትቶ ለመጠጥ ተገዛ፤ በ1901 ዓ.ም. ገና በጐልማሳነቱ ሞተ። እናቱ ሐና ድምፅዋ ደክሞ መዝፈኑ ቀረባት፤ ልብስ እየሰፋች ልጆቿን ለማሳደግ ብትደክምም የቤት ኪራይና ቀለብ አልሞላላት አለ። በ1896 ዓ.ም. ልጁ የ7 ዓመት ሕፃን ሳለ፥ ከእናቱና ሲድኒ ከሚባለው ታላቅ ወንድሙ ጋራ በላምቤዝ ሠፈር ወደ ነበረው የድኾች መጠጊያ ቤት ገባ። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር ወደዚህ ዐይነት ቤት የገባ ድኻ ቀለብና መኝታ ያገኛል፤ ነገር ግን የታዘዘውን ሥራ እየሠራ ከልጆቹ ተለይቶ ይኖራል። ሁለቱም ወንድማማቾች ከእናታቸው ተለይተው ሃንዌል ወደሚባለው የድኾች ልጆች ትምህርት ቤት ተላኩ። ከዚህም በኋላ እናታቸው አእምሮዋ ታወከና ወደ ሕሙማን ቤት ገባች። የኋላ ሥራው ሁሉ ከዚህ መከራ የመነጨ ስለ ሆነ አንባቢ ይህን በልቡ ይያዘው።

ቻፕሊን 10 ዓመት ሳይሞላው ከሚጨፍሩ ልጆች ጓድ ገብቶ እንጀራውን በመድረክ መፈለግ ጀመረ። በ1908 ዓ.ም. ፍሬድ ካርኖ በሚባለው የአስቂኝ ትያትር አለቃ ዘንድ ተቀጠረ፤ ያለ ንግግር በአካል ንቅናቄ ብቻ ሰውን ማሣቅ ከዚያ ተማረ። ከዚሁ ጓድ ጋራ ወደ አሜሪካ ሁለት ጊዜ ተሻገረ። በ1913 ዓ.ም. መጨረሻ ኪስቶን የተባለ የፊልም ኩባንያ በሳምንት 150 ዶላር ቀጠረው። በ1914 ዓ.ም. ሰፊ ሱሪ፥ ጠባብ ኮት፥ ትንሽ ባርኔጣና ከእግሩ ልክ የሚበልጥ ጫማ መረጠ፤ ትንሽ ሪዝ ለጥፎ ከዘራ ያዘ። እንዲህ ለብሶ የወጣው ሰው ቤትና ሥራ የሌለው መንገደኛ ድኻ ነው፤ ሰላምታው ግን እንደ ጨዋ ልጅ ነው። ይራባል፥ ይባረራል፥ ይመታል፤ ነገር ግን ባርኔጣውን አንሥቶ እጅ መንሣትን ከቶ አይረሳም። ልብሱ ቢያልቅም ክብሩ አላለቀም።

ፊልሙ ድምፅ አልነበረውምና አስተርጓሚ ሳያሻው በየአገሩ ታየ። በ1916 ዓ.ም. ከሌላ ኩባንያ ጋራ ሲዋዋል የዓመት ደመወዙ 670,000 ዶላር ደረሰ። በ1919 ዓ.ም. ከሦስት ባልንጀሮቹ ጋራ ዩናይትድ አርቲስትስ የተባለውን የፊልም ኩባንያ አቋቋመ። እንደዚህ ያለ ሀብት ያገኘ ሰው የቀድሞውን ረኀብ ሊረሳ ይችል ነበር፤ እርሱ ግን አልረሳም።

በ1921 ዓ.ም. ያወጣው ፊልም «ልጁ» ይባላል። መንገደኛው ድኻ ተጥሎ ያገኘውን ሕፃን ያሳድጋል። ልጁ በድንጋይ የሰው መስኮት ይሰብራል፤ ድኻው ደግሞ መስተዋት ተሸክሞ እንደ አጋጣሚ መጥቶ ይገጥማል፤ በዚህ ሰው ሁሉ ይሥቃል። ከዚያ በኋላ ልጁ ይታመማል፤ ሐኪሙም ለሹሞች ይነግራል፤ የሙት ልጆች ማሳደጊያ ሰዎች መኪና ይዘው ይመጡና ልጁን ከድኻው እጅ ነጥቀው ይወስዱታል። ድኻው በቤት ክዳን ላይ እየሮጠ ተከትሎ ያስጥለዋል። ሥቆ የነበረው ተመልካች ከዚህ ሲደርስ ያለቅሳል። የላምቤዝን ነገር የሚያውቅ ሰው ይህ ከምን እንደ መጣ ይረዳል። በዚሁ ዓመት ቻፕሊን እናቱን ወደ ካሊፎርኒያ አስመጣ፤ በ1928 ዓ.ም. እስክትሞት ድረስም ጦራት።

በ1925 ዓ.ም. «የወርቅ ጥድፊያ» በተባለው ፊልም ድኻው በበረዶ አገር በረኀብ ተይዞ ጫማውን ቀቅሎ ሲበላ ይታያል፤ ምስማሩን እንደ አጥንት ይግጣል፥ ማሰሪያውንም እንደ ፓስታ ይጠቀልላል፤ ይህን ሁሉ ሲያደርግ ከመኳንንት ማዕድ እንደ ቀረበ ሰው በሥርዐት ነው። በ1936 ዓ.ም. «ዘመናዊ ጊዜያት» በተባለው ደግሞ በፋብሪካ ቀኑን ሙሉ ብሎን ሲያጠብቅ የሚውል ሠራተኛ ሆነ፤ አለቆቹም ለምሳ የሚጠፋውን ጊዜ ለማትረፍ በመኪና ሊያጐርሱት ይሞክራሉ። በእነዚህ ሁሉ የሚሣቀው በተራበው ላይ እንዳይመስል፤ የሰውን ረኀብና ድካም በማያይ ሥርዐት ላይ ነው።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ ቅርብ የሆነ ሥራ አለው። ሂትለር የተወለደው ቻፕሊን በተወለደ በአራተኛው ቀን ነበር። በጥቅምት ወር 1940 ዓ.ም. በኒውዮርክ በታየው «ታላቁ አምባገነን» በተባለው ፊልም፥ ቻፕሊን ሂትለርን የሚመስል ገዥና አንድ አይሁዳዊ ፀጕር አስተካካይ ሆኖ ሁለቱንም ሠራ። በዚያው ፊልም ናፓሎኒ የሚባለው ሌላው ገዥ ሙሶሊኒን የሚያሣይ ነው። ሁለቱ ገዥዎች በፀጕር ማስተካከያ ወንበር ጐን ለጐን ተቀምጠው፥ አንዱ ከሌላው በላይ ለመታየት ወንበራቸውን ወደ ላይ ከፍ ከፍ ሲያደርጉ ተመልካቹ በሣቅ ይወድቃል። በዚያ ጊዜ ኢትዮጵያ ገና በፋሺስት እጅ ነበረች፤ አዲስ አበባ ነጻ ልትወጣ ስድስት ወር ያኽል ቀርቷት ነበር፤ አርበኞች በየዱሩ ይዋጉ ነበር። አሜሪካም ገና ወደ ጦርነቱ አልገባችም። ሂትለርና ሙሶሊኒ በሚገዙት አገር ፊልሙ እንዳይታይ ሆነ። ፀጕር አስተካካዩ በመጨረሻ ለወታደሮቹ ባደረገው ንግግር ከሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 17 መጥቀሱን ካህናት ቢያውቁት መልካም ነው። ቻፕሊን ራሱ በ1964 ዓ.ም. ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ፥ በእስር ሠፈሮች ይደረግ የነበረውን ግፍ በጊዜው ዐውቆ ቢሆን ፊልሙን ሊሠራው ባልቻለም ነበር ብሏል። አሣቂ ሰው የሣቅን ወሰን ማወቁ ታላቅ ነገር ነው።

እንከን የሌለበት ሰው ግን አልነበረም። አራት ጊዜ አግብቷል፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሚስቶች ሲያገባቸው ገና የ16 ዓመት ልጆች ነበሩ፤ ሦስቱም የፊተኞቹ ጋብቻዎች በፍች አለቁ። በ1943 ዓ.ም. ካገባት ከአራተኛይቱ ሚስቱ ከኡና ጋራ ግን ስምንት ልጆች ወልዶ እስኪሞት ድረስ ኖረ። ሥራውን ማመስገን ጠባዩን ሁሉ ማጽደቅ አይደለም።

በአሜሪካ 40 ዓመት ያኽል ሲኖር ዜግነት አልጠየቀም። ከጦርነቱ በኋላ የኮሙኒስት ወዳጅ ነው የሚል ክስ በዛበት። በ1952 ዓ.ም. በመስከረም ወር ወደ ሎንዶን በመርከብ ሲጓዝ፥ የአሜሪካ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የመመለሻ ፈቃዱን ሰረዘበት። ቤቱን በስዊስ አገር አደረገ። ከ20 ዓመት በኋላ በ1972 ዓ.ም. ያችው አገር ለክብር ሽልማት ጠራችው፤ የሲኒማ ሰዎች ሁሉ ተነሥተው ለብዙ ደቂቃ አጨበጨቡለት። በ1975 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንግሥት ዳግማዊት ኤልሳቤጥ የሰር ማዕርግ ሰጠችው። በ1977 ዓ.ም. በምዕራባውያን የልደት በዓል ዕለት በ88 ዓመቱ ዐረፈ።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እናገኛለን። ሕፃኑን ሊወስዱ የመጡት የማሳደጊያ ሰዎች ሌቦች አይደሉም፤ የታዘዙትን የሚፈጽሙ ሹሞች ናቸው። ሥራቸውም በመዝገብ ሲታይ መልካም ነው፤ ከድኻው ደጃፍ ሆኖ ሲታይ ግን ንጥቂያ ነው። ሹም በመሥሪያ ቤቱ ተቀምጦ የማያየውን ይህን መልኩን የሚያሳየው ብዙ ጊዜ ወዳጁ ወይም ጸሓፊው ሳይሆን አሣቂው ነው፤ ስለዚህ መስተዋቱን ከመስበር ፊትን ማጠብ ይሻላል። ሁለተኛም የላምቤዝ ቤት ለድኻው እንጀራ ሰጥቶታል፤ ክብሩንና ልጆቹን ግን ወስዶበታል። ምጽዋት የሚሰጥ ሰው፥ ካህንም ቢሆን ባለ ጸጋ፥ እጁን ሲዘረጋ የተቀባዩን ፊት ይመልከት። ያ ድኻ ባርኔጣውን አንሥቶ እጅ ሲነሣ፥ አጸፋውን መመለስ ይገባናል።