ኦክታቭና ኤዲተራችን አልግባባ ሲሉ



የኒውመሪካል ሜተድስ አሳይንመንት በተሰጠን ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመላለስብናል፦ «ኦክታቭን ጭነናል፣ ቪኤስ ኮድንም ጭነናል፤ ታዲያ ለምን አይሠራም?» ባለፈው ሴሚስተር አንድ ወንድማችን ኦክታቭ ተበላሽቷል ብሎ በሞባይል ዳታ ሁለት ጊዜ እንደገና አወረደው። የጎደለው ግን አንድ መስመር አድራሻ ብቻ ነበር። ዳታውም አለቀ፣ የማስረከቢያው ሰዓትም አለፈ። በሌሎቻችን እንዳይደገም ብለን ይህን ጽፈናል።

ጂኤንዩ ኦክታቭ የማትላብን ቋንቋ በአብዛኛው የሚረዳ ነጻ ሶፍትዌር ነው። መጀመሪያ የታሰበው ለኬሚካል ሪአክተር ዲዛይን መማሪያ መጽሐፍ አጋዥ እንዲሆን ነበር፤ ጆን ኢተን በሙሉ ኃይሉ መሥራት የጀመረው ግን እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ስሙም የተወሰደው ከፕሮፌሰሩ ከኦክታቭ ሌቨንስፒል ነው። ክራክ የተደረገ ፕሮግራም ሳንፈልግ በንጹሕ ሕሊና ስለምንሠራበት ብዙዎቻችን መርጠነዋል።

ችግር ሲገጥመን ሁሉንም በአንድ ጊዜ አንነካካ። ኦክታቭ፣ ዊንዶውስና ኤዲተሩ እንደ ሰንሰለት የተያያዙ ናቸው፤ ቀለበቶቹን አንድ በአንድ እንፈትሽ።

መጀመሪያ ኦክታቭን ለብቻው ከፍተን ሁለት ሲደመር ሁለት እንጻፍ። አራት ካለን ጤነኛ ነው፤ እንደገና ማውረድ አያስፈልግም።

ቀጥሎ ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት (ኮማንድ ፕሮምፕት) ከፍተን «ኦክታቭ-ሲኤልአይ» የሚለውን ትእዛዝ በእንግሊዝኛ ፊደል እንጻፍ። ዊንዶውስ ትእዛዙን አላውቀውም ካለ በሽታው ተገኘ ማለት ነው። ዊንዶውስ በስም የተጠራን ፕሮግራም የሚፈልገው «ፓዝ» በሚባለው የአድራሻ ዝርዝር ውስጥ ነው፤ ኦክታቭ የተጫነበት ቦታ እዚያ ካልተመዘገበ ኤዲተሩም ሊያገኘው አይችልም። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ባለው የኦክታቭ ፎልደር ገብተን «ቢን» የተባለውን ፎልደር እንፈልግ፤ አድራሻውን ኮፒ አድርገን በኢንቫይሮንመንት ቫሪያብልስ ውስጥ ፓዝ ላይ እንጨምር። በአድራሻው ውስጥ የቨርዥኑ ቁጥር ስላለ፣ ኦክታቭን ስናሻሽል አድራሻውንም መቀየር አንርሳ።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። ቪኤስ ኮድ የአድራሻ ዝርዝሩን የሚያነበው ሲከፈት ነው። ስለዚህ የተከፈቱትን የቪኤስ ኮድ መስኮቶች በሙሉ ዘግተን እንደገና ካልከፈትን ያስተካከልነውን አያየውም።

ኦክታቭ ተነሥቶ የጻፍነውን ፈንክሽን «አላውቀውም» ካለ ደግሞ የቆመበትን ፎልደር እንይ። ፋይሉን ለብቻው ሳይሆን ያለበትን ፎልደር በሙሉ በኤዲተሩ መክፈት ይህን ይፈታል። የፋይሉም ስም ወሳኝ ነው። «ላብ-1» ብለን ከሰየምነው ኦክታቭ ከላብ ላይ አንድ ቀንስ የተባለ ይመስለዋል፤ ስለዚህ በሰረዝ ፈንታ የታች መስመር እንጠቀም። በቁጥር መጀመርም፣ በስሙ መካከል ክፍት ቦታ መተውም አይሆንም። የመደመሪያውን ፈንክሽን ስም ለፋይላችን ከሰጠነው ደግሞ ዋናውን ይሸፍንብናል።

በመጨረሻም ግራፉ ብልጭ ብሎ ከጠፋ ስሕተት አይደለም። ኦክታቭ የታዘዘውን ጨርሶ ሲወጣ መስኮቱም አብሮት ይዘጋል። ከፋይሉ መጨረሻ «ፖዝ» የሚለውን ትእዛዝ ብንጨምር ቁልፍ እስክንጫን ድረስ ይጠብቀናል።

ቀዩን ጽሑፍ ስናይ ደንግጠን አንዝጋው፤ የመጀመሪያውን መስመር በእርጋታ እናንብብ። አብዛኛውን ጊዜ የታመመውን ቀለበት የሚነግረን እሱ ነው። ይህን ሁሉ ሞክሮ ያልተሳካለት ካለ ላፕቶፑን ይዞ ይምጣ፤ ኢንሻአላህ አብረን እናየዋለን።