ያውቁ ኖሯል? ክር መጠቅለያ የሌለው ዘንግ

በጃፓን ተራሮች የትራውት ዘመዶች የሆኑትን ኢዋናንና ያማሜን የሚያጠምዱ አንዳንድ ሰዎች ክር መጠቅለያ አይዙም። ቴንካራ በሚባለው ስልት ክሩ በቀጥታ ከዘንጉ ጫፍ ላይ ይታሰራል። ዘንጉ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ሜትር ይረዝማል፤ ጥንት ቀርከሃ ነበር፣ ዛሬ እንደ ራዲዮ አንቴና የሚሰበሰብ ካርቦን ፋይበር ነው።

ትልቁ ጥቅም ርዝመቱ ላይ ነው። አጥማጁ ክሩን ከውኃው በላይ አንስቶ ስለሚይዝ ፈጣኑ ወራጅ አይጎትተውም፤ ከላባና ከክር የተሠራው ሰው ሠራሽ ዝንብም ከድንጋይ ኋላ ባለው ጸጥ ያለ ውኃ ላይ ይቆያል። ትራውት አድፍጦ ምግቡን የሚጠብቀው እዚያ ነው! በእኛው ባሌ ተራሮች፣ ዌብን በመሰሉ ትራውት ባለባቸው ቀዝቃዛ ወንዞችም ይህ ቀላል ዕቃ በሚገባ ይበቃል። ቁጥቋጦ ከበዛ ግን አጠር ያለውን ዘንግ ይምረጡ።