ልጆቻችንና ቀለማት

(በሬዲዮ ፕሮግራማችን ከቀረበው ትምህርት የተወሰደ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ፍጥረታቱን በልዩ ልዩ ቀለማት አስውቦ ለፈጠረው ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። 

አንዲት እናት የአምስት ዓመት ልጃቸው ከለር ይዞ ወረቀት ሲቀባባ እንደሚውል ገልጸው፣ «ጊዜውን ቁርኣን ቢቀራበት አይሻልም ወይ?» ሲሉ ጠይቀውናል። ጥያቄው የብዙ ወላጆች ጥያቄ ነው። መልሱ ግን እዚያው ቁርኣን ውስጥ ይገኛል። በሱረቱ ሩም አያ 22 ላይ አላህ (ሱ.ወ.) የቋንቋዎቻችንንና የመልኮቻችንን መለያየት ከታምራቱ ቆጥሮታል። በሱረቱ ፋጢር አያ 27 እና 28 ደግሞ የፍሬዎችን፣ የተራሮችን፣ የሰዎችንና የእንስሳትን ቀለም ካነሳ በኋላ ወዲያው አላህን የሚፈሩት ዐዋቂዎች መሆናቸውን ይናገራል። ቀለምን አስተውሎ መመልከት ከዕውቀት በር አንዱ ነው ማለት ነው። የጾም መጀመሪያ ወሰን እንኳ የተነገረን በነጭና በጥቁር ክር ምሳሌ ነው። ሰሓባው ዐዲይ ኢብኑ ሓቲም (ረ.ዐ.) ሁለት ገመዶችን ከትራሳቸው ሥር አድርገው ሌሊቱን ሲመለከቱ ማደራቸውን፣ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ነገሩ የሌሊቱ ጨለማና የንጋቱ ብርሃን መሆኑን እንዳስረዷቸው ቡኻሪ ዘግበውታል። በረመዷን ልጆቻችሁን ለሱሑር ስትቀሰቅሱ ይህን ታሪክ ንገሯቸው፤ በጣም ይወዱታል።

ስለ ሥዕል ለሚጠይቁን፦ ነፍስ ያለውን ነገር መሣልን በተመለከተ የዑለማዎች ማብራሪያ ሰፊ ነው፤ ዛሬ አንገባበትም። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) ሥዕል መተዳደሪያው ለነበረ ሰው ዛፍንና ነፍስ የሌለውን ነገር እንዲሥል መክረውታል። ለሕፃን ደግሞ ዛፍ፣ ተራራ፣ መስጂድ፣ ብርቱካንና ቀስተ ደመና ከበቂ በላይ ናቸው።

እንግዲህ ከየት እንጀምር? ከማድቤት። እርድ ቢጫ፣ በርበሬ ቀይ፣ ቆስጣ አረንጓዴ፣ ከሰል ጥቁር ነው። የሁለትና የሦስት ዓመት ልጅ ሁሉንም «ቀይ» ቢል አትደንግጡ፤ ቀለም ስሙ ከዕቃ ስም ይከብዳል። ኳስ በእጅ ይጨበጣል፤ ቅላት ግን ለብቻው አይጨበጥም። ስለዚህ ስሙን ከመጠየቅ በፊት «ይህን የሚመስል አምጣልኝ» በሉት። በአንድ ቀን ሁለት ቀለም ይበቃል። በዐረብኛም አሕመር፣ አስፈር፣ አኽደር እያላችሁ ልታስተምሩ ከፈለጋችሁ በአማርኛው ወይም በቤታችሁ ቋንቋ ከጸና በኋላ ይሁን። በነገራችን ላይ አማርኛችን «ቡናማ»ን ከቡና፣ «ሰማያዊ»ን ከሰማይ ወስዷል፤ ልጁ ስሙን ሲረሳ ዕቃውን አሳዩት።

ወደ መቀላቀሉ ስንመጣ ለአራትና ለአምስት ዓመት ልጅ ሦስት የውሃ ቀለሞች ይበቁታል፤ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ። ቢጫና ሰማያዊ አረንጓዴ ይሰጣሉ፤ ቀይና ቢጫ ብርቱካናማ፤ ቀይና ሰማያዊ ወይን ጠጅ። ርካሽ ቀይ ቀለም ብዙ ጊዜ ወደ ብርቱካናማ ስለሚያደላ የመጨረሻው ድፍርስ ቡናማ ሊሆንባችሁ ይችላል፤ ጥፋቱ የልጁ አይደለም። ለምን እንዲህ ይሆናል ብሎ ከጠየቀ፣ ቀለም ከላዩ የሚያርፈውን ብርሃን ከፊሉን ውጦ ከፊሉን ይመልሳል በሉት። ሁለት ቀለም ሲቀላቀል ሁለቱም ይውጣሉ፤ የምናየው ሁለቱም ያልዋጡትን ነው። ሦስቱም ሲቀላቀሉ ብዙው ብርሃን ስለሚዋጥ ጠቆር ያለ ቡናማ ይቀራል።

ነጭና ቀይ እህል ተቀላቅሎ የሚገኝበት ሰርገኛ ጤፍ ግን ሌላ ነው። ከሩቅ አንድ ቀለም ይመስላል፤ ቀረብ ብሎ ላየው ቅንጣቶቹ እንደተለያዩ ናቸው። የቴሌቪዥን መስኮትም የሚሠራው በዚሁ ዓይነት ነው፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ጥቃቅን መብራቶች ተደርድረው ዓይናችን አንድ ያደርጋቸዋል።

ይህን የዓይን ሥራ ከመረመሩት ቀደምት ሊቃውንት አንዱ የኛው ኢብኑል ሀይሠም ናቸው። እ.ኤ.አ. በ965 አካባቢ በበስራ ተወልደው በካይሮ የኖሩ ሲሆን፣ «ኪታቡል መናዚር» በተሰኘው መጽሐፋቸው ልዩ ልዩ ቀለም የተቀባ እሽክርክሪት በፍጥነት ሲዞር ቀለማቱ ተዋሕደው እንደ አንድ ቀለም እንደሚታዩ አስረድተዋል። ይህን ሙከራ ቤታችሁ መሥራት ትችላላችሁ። ካርቶን ክብ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ ግማሹን ቀይ ግማሹን ቢጫ ቀቡ፣ መሐሉን በስንጥር ወግታችሁ አሽከርክሩት፤ ብርቱካናማ ይታያል። ከዚያ ቢጫና ሰማያዊውን ሞክሩ። ልጁ አረንጓዴ ሲጠብቅ ወደ ግራጫ የሚያደላ ቀለም ያያል! ምክንያቱም እዚህ ቀለማቱ አልተበጠበጡም፤ ዓይን የሁለቱንም ብርሃን በየተራ እየተቀበለ ነው የደመረው። አባት ይህን ከልጁ ጋር ቁጭ ብሎ ቢሠራ ከብዙ ውድ መጫወቻ ይሻላል።

ሒናን ግን ከዚህ ጋር አታምታቱት። አረንጓዴ ሆኖ የተበጠበጠው ሒና በዒድ ዋዜማ እጅ ላይ አድሮ የሚቀላው ከሌላ ቀለም ጋር ተቀላቅሎ ሳይሆን በውስጡ ያለው ማቅለሚያ ቆዳውን ስለያዘው ነው። የእርድ እድፍ ሳሙና ሲነካው የሚቀላውም እንዲሁ በኬሚካል ለውጥ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከግድግዳ ወይም ከበር ቅብ የተረፈ ቀለም ለልጅ መጫወቻ አይሰጥ። አንዳንዱ ቅብ ሊድ የተባለ መርዛማ ማዕድን ይኖርበታል፤ ሊድ ደግሞ የሕፃናትን አንጎል ይጎዳል። የተላጠ ቅብ ካለም ልጆች እንዳይቀምሱት አጽዱት።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ ልግባ። ትልቅ ከሆነም በኋላ ቀይና አረንጓዴን የሚያሳስት ልጅ አለ። «ደነዝ» ይባላል፤ አንዳንዴም ይገረፋል። ወገኖቼ፣ ይህ ልጅ ላይታየው ይችላል። ዓይናችን ውስጥ ቀለም የሚለዩ ሦስት ዓይነት ሕዋሳት አሉ፤ ከነዚህ አንዱ ሲጎድል ወይም ሲደክም ቀይና አረንጓዴ ይመሳሰላሉ። ብዙውን ጊዜ በእናት በኩል የሚወረስ ሲሆን ከሴቶች ይልቅ በወንዶች ላይ ይበዛል፤ እናትም ራሷ በደንብ እያየች ልታወርሰው ትችላለች። ስለዚህ ባል ሚስቱን የሚወቅስበት ነገር አይደለም። ጥርጣሬ ካላችሁ የቀለም ስም አትጠይቁት፤ ቀይና አረንጓዴ ክሮችን ቀላቅላችሁ እንዲለያቸው ስጡት። ካሳሳተ ወደ ዓይን ሐኪም ውሰዱት፤ በነጠብጣብ ሥዕሎች ይመረምሩታል። የሚወረሰው ዓይነት መድኃኒት ባይገኝለትም ልጁ ዘዴ ይማራል። ለምሳሌ የትራፊክ መብራት ላይ ቀዩ ከላይ አረንጓዴው ከታች መሆኑን በቦታው ይይዛል። በመድረሳም በትምህርት ቤትም ያላችሁ መምህራን፣ ዱላ ከማንሳታችሁ በፊት ይህን አስቡ።

ሌላው የሰው መልክ ነው። ልጅ ቀለም መለየት ሲጀምር «እሷ ለምን ጠቆረች?» ብሎ በሰው ፊት ይጠይቃል። ብዙዎቻችን አፍረን «ዝም በል!» እንላለን፤ ልጁም ጥቁረት የሚያሳፍር ነገር ነው ብሎ ይይዛል። የሚገባው መልስ አለ። አቡ ዳውድና ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ፣ አላህ አደምን ከምድር ሁሉ ከተዘገነ አፈር እንደፈጠረውና ልጆቹም እንደ አፈሩ ቀይ፣ ነጭ፣ ጥቁርና በዚያ መሐል ያለ ሆነው እንደመጡ ተነግሮናል። አቡ ዘር (ረ.ዐ.) አንድን ሰው በእናቱ ባነወሩ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በውስጣቸው የጃሂሊያ ቅሪት እንዳለ ነግረው ገሥጸዋቸዋል። በየቤታችን «ቀይዋ ልጅ» እየተባለች የምትሞካሸው እህትና «ጥቁሯ» የምትባለው እህት አብረው ያድጋሉ፤ ጥቁሯ ምን እየሰማች እንዳለች የሚያስብላት ማን ነው?

ልጆቹን ሰብስቡና እያንዳንዱ መዳፉን ወረቀት ላይ አስቀምጦ ዙሪያውን ያስምር። ከዚያ የራሱን ቆዳ የሚመስል ቀለም ራሱ ይቀላቅል። ቀይ፣ ቢጫና ትንሽ ሰማያዊ ቡናማ ይሰጡታል፤ ነጭ ሲጨምር ይፈካል፣ ሰማያዊ ሲጨምር ይጠቁራል። ቅሉም፣ ጠይሙም፣ ጥቁሩም ከእነዚያው ብልቃጦች ሲወጡ በዓይናቸው ያያሉ። እናትና አባትም መዳፋችሁን ጨምሩበት።