ስለ ጢስ ዋጋና ስለ ደን ገቢ

በአዲስ አበባ ከተማ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ሀይሌ ጋርመንት በተባለው ስፍራ ማለዳ የቆመ ሰው የጭነት መኪናውና የታክሲው ጢስ ወደ ሰማይ ሲወጣ ያያል። ባለመኪናው ለነዳጁ ዋጋ ይከፍላል፤ ጢሱ ስለሚያደርሰው ጉዳት ግን የሚጠይቀው የለም። ከጢሱ ጋራ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለው አየር የምድርን ሙቀት ያበዛል፤ ዝናም ወራቱን ሲስትም ጉዳቱ የሚያርፈው መኪና በሌለው ገበሬ ላይ ነው። ስለዚህ አንዱ ያጠፋውን ሌላው እንዳይከፍል፣ ብዙ መንግሥታት ለጢስ ዋጋ ቈረጡ።

መንገዱም ሁለት ነው። አንደኛው በሚወጣው አየር ልክ ግብር ማስከፈል ሲሆን፣ በ1982 ዓ.ም. ፊንላንድ ቀድማ ደነገገችው። ሁለተኛው ገበያ ነው፤ ይኸውም መንግሥት የጢሱን ልክ ወስኖ የፈቃድ ወረቀት ያወጣል፤ ጢሱን የቀነሰ ፋብሪካ የተረፈውን ፈቃድ ላልቀነሰው ይሸጣል። የአውሮፓ ኅብረት በ1997 ዓ.ም. የጀመረው ይህን ነው። በአገራችንም በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ ግብሩን ማክበዱ ለዚህ አሳብ የቀረበ ነው።

ለአገር ገዥዎችና ለወረዳ ሹማምንት ግን የሚበልጠው የደን ጉዳይ ነው። ዛፍ ያንኑ አየር ስቦ በግንዱና በሥሩ ያከማቻልና፣ ያከማቸው በቶን ተለክቶ ይሸጣል። በወላይታ በሁምቦ 2,728 ሄክታር የተራቈተ ተራራ ከከብትና ከምሳር ተከልሎ፣ በመሬት ውስጥ የቀረው ጉቶ እንዲያቈጠቍጥ ተደረገ። ገበሬዎቹ በሰባት ማኅበራት ተደራጁ፤ ሥራው በ2002 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት ዘንድ ተመዘገበ፤ የዓለም ባንክም 165,000 ቶን ሊገዛ ተዋዋለ። ደግሞ በ2015 ዓ.ም. ስለ ኦሮሚያ ደኖች እስከ 40 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ውል ተፈርሟል፤ የሚጠበቀውም 4 ሚሊዮን ቶን ስለ ሆነ፣ ለአንዱ ቶን ዐሥር ዶላር ይደርሳል።

ስለዚህ ሹማምንት ሦስት ነገር ይጠብቁ። አስቀድሞ የደኑ ወሰን ይታወቅ፤ የማኅበሩም መብት በጽሑፍ ይረጋገጥ። ቀጥሎ የገንዘቡ ክፍያ ለማን ስንት እንደሚደርስ በሕዝብ ፊት ይነበብ። ሦስተኛም እንጨት ለቅመው የሚያድሩ ሴቶችና እረኞች የማገዶና የሣር ስፍራ ይለይላቸው። ይህ ካልሆነ ምሳሩ ወደ ጎረቤት ደን ይሻገራል፤ አንዱ ያተረፈውንም ሌላው ያጠፋዋል። ገዢው የሚከፍለው ተለክቶ ለተገኘው ብቻ ነውና፣ የተቃጠለ ደን ዋጋ የለውም።