ሌቬሪዬና ሁለቱ ስውር ፕላኔቶች

የሳይንስ ፍልስፍናን መማር የሚጀምር ተማሪ ከሁለተኛ ደረጃ ይዟቸው የሚመጣ ጥቂት አባባሎች አሉ። ለፈተና ጠቅመውት ይሆናል፤ የሳይንስ ታሪክ ግን አይደግፋቸውም። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«አንድ ተቃራኒ ማስረጃ ከተገኘ ንድፈ ሐሳቡ አበቃለት።»

ይህ አባባል ብዙ ጊዜ ለካርል ፖፐር ይሰጣል። ፖፐር በ1934 ባሳተመው መጽሐፍ ያስተማረው ግን ሳይንሳዊ የሚባል ሐሳብ ስሕተት ከሆነ ስሕተትነቱ የሚታይበት መንገድ ሊኖረው ይገባል የሚለውን ነው። ማስረጃው ሲመጣ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ መለየት ሌላ ጣጣ ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ዩራነስ በኒውተን ሕግ ከተሰላላት ቦታ ፈቀቅ ብላ ትታይ ነበር። እንደ አባባሉ ቢሆን ኒውተን ያኔውኑ በተሰናበተ። ፈረንሳዊው ኡርባን ሌቬሪዬ ግን ሕጉን አልነካም፤ ያላየናት ሌላ ፕላኔት እየሳበቻት ነው ብሎ የዚያችን ፕላኔት ቦታ በወረቀት ላይ አሰላ። ቦታውን የጠቆመበት ደብዳቤ በርሊን ለሥነ ፈለክ ተመራማሪው ለዮሃን ጋሌ የደረሰው ሴፕቴምበር 23 ቀን 1846 ነው። ሃይንሪሽ ዳሬስት የተባለ ተማሪ አዲሱን የከዋክብት ካርታ አውጥተን እናመሳክር አለ። በዚያው ሌሊት ካርታው ላይ የሌለች አንዲት ነጥብ ተገኘች፤ ስሌቱ ከጠቆመው ቦታ አንድ ዲግሪ እንኳ አልራቀችም። ኔፕቱን ነበረች።

ያው ሌቬሪዬ በ1859 ፊቱን ወደ ሜርኩሪ አዞረ። የሜርኩሪ ምህዋር ለፀሐይ እጅግ የሚቀርብበት ነጥብ ስሌቱ ከሚለው በላይ ይንሸራተታል። ልዩነቱ ኋላ በተጣራው ልኬት በ100 ዓመት 43 አርክ ሰከንድ፣ ማለትም ከአንድ ዲግሪ ሰማንያኛ ያነሰ ነው። ሌቬሪዬ አሁንም ስውር ፕላኔት ናት አለ፤ ቩልካን የሚል ስምም ወጣላት። ሌስካርቦ የተባለ የገጠር ሐኪም በፀሐይ ፊት ስታልፍ አየኋት ብሎ የክብር ሜዳሊያ ተሸለመ። ሌሎች ግን ፈልገው ፈልገው አጧት። ሌቬሪዬ በ1877 የሞተው መኖሯን እንዳመነ ነው። መልሱ የመጣው በኖቬምበር 1915 ከአንስታይን ነው፤ ቩልካን የለችም፣ የጎደለው የኒውተን ሕግ ነው።

ሌቬሪዬ በመጀመሪያው ብልህ፣ በሁለተኛው ግትር ነበር ማለት ውጤቱን ላወቅን ለእኛ ይቀለናል። እርሱ ግን ሁለቱንም ጊዜ ያደረገው አንድ ነገር ነው። ትንበያ ሲከሽፍ ስሕተቱ የሕጉ ይሁን፣ የመሣሪያው፣ ወይስ «ያሉት ፕላኔቶች እነዚህ ብቻ ናቸው» የሚለው ግምት፣ ምልከታው ብቻውን አይናገርም። ፈረንሳዊው ፒየር ዱሄም ይህን በ1906 በግልጽ ጽፎታል።

«ንድፈ ሐሳብ ሲረጋገጥ ሕግ ይሆናል።»

አይሆንም። ሜርኩሪ ላይ የተረታው የኒውተን «ሕግ» ነው፤ የረታው የአንስታይን «ንድፈ ሐሳብ» ነው፤ ዛሬም ንድፈ ሐሳብ ይባላል። ሕግ ምን እንደሚሆን ይገልጻል፤ ንድፈ ሐሳብ ለምን እንደሚሆን ያብራራል። በመካከላቸው የማዕረግ እድገት የለም።

«ቤተ ሙከራ ከሌለ ሳይንስ የለም።»

የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷን ድንቅነሽን ማንም በቤተ ሙከራ አይደግማትም። ሆኖም በ1974 ሀዳር ላይ የተገኙት የዳሌና የጭን አጥንቶቿ ቀጥ ብላ ትሄድ እንደነበር አሳይተዋል፤ አንጎሏ ግን ትንሽ ነበር። የሰው ዘር መጀመሪያ አንጎሉ አደገ፣ ቀጥ ብሎ መሄዱ ኋላ መጣ የሚለው የቆየ ግምት በዚህ ተፈተነ፤ ወደቀም።

«ቶማስ ኩን ሳይንስ የብዙኃን ድምፅ ነው ብሏል።»

ኩን በ1962 ያሳተመውን መጽሐፍ ከሰው አፍ ብቻ የሰሙ የሚሉት ነው። ኩን ሳይንቲስቶች ንድፈ ሐሳብ ሲመርጡ ትክክለኛነትን፣ እርስ በርስ አለመጋጨትን፣ ስፋትን፣ ቀላልነትንና ፍሬያማነትን እንደሚመዝኑ ጽፏል፤ ሚዛኑ ግን እንደ ሒሳብ ቀመር አንድ መልስ ብቻ አይሰጥም ነው ያለው። በመመረቂያ ጽሑፋችሁ ኩንን ልትጠቅሱ ካሰባችሁ፣ መጽሐፉ ላይ በ1969 የጨመረውን ድኅረ ቃል ሳታነቡ አትጥቀሱት።