ለሰላም ሥራ የተመደበ ገንዘብና የተማሪዎች ማመልከቻ

የሰላም ነገር በሚነሣበት ጊዜ ብዙ ሰው የሚያስበው የመንግሥታትን ውልና የታላላቅ ሰዎችን ጉባኤ ነው። ነገር ግን የአንድ አገር ሰላም የሚጸናውም ሆነ የሚናጋው በውሃ ጉድጓድ ዙሪያ፣ በግጦሽ ወሰንና በገበያ ቀን ጭምር ነው። ይህንም ነጋዴ ጠንቅቆ ያውቀዋል፤ መንገድ በተዘጋ ቀን ሱቁም አብሮ ይዘጋልና።

እንዲህ ላለው ሥራ ለተማሪዎች ገንዘብ ከሚሰጡት መካከል በአሜሪካ አገር «ፕሮጀክትስ ፎር ፒስ» የተባለው አንዱ ነው። መሥራችዋ ወይዘሮ ካትሪን ዋሰርማን ዴቪስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 ዓ.ም. 100ኛ ዓመታቸውን ሲያከብሩ፣ ለ100 የሰላም ሥራዎች ለእያንዳንዱ 10,000 ዶላር እንዲደርስ አንድ ሚሊዮን ዶላር ሰጡ። ባለቤታቸው ሚስተር ሸልቢ ኩሎም ዴቪስ የኢንሹራንስ ኩባንያዎችን አክሲዮን በመግዛት የበለጸጉ ሰው ነበሩ። ወይዘሮዋ በ2013 ዓ.ም. በ106 ዓመታቸው ቢያርፉም ስጦታው አልተቋረጠም። ሥራውም የሚመራው በቬርሞንት ክፍለ አገር ካለው ከሚድልበሪ ኮሌጅ ነው።

ገንዘቡ የሚጠየቀው ተማሪው በሚማርበትና ከድርጅቱ ጋራ በተባበረው ኮሌጅ በኩል ነው። ሥራው በማናቸውም አገር ሊሆን ስለሚችል፣ ከእነዚህ ኮሌጆች በአንዱ የሚማር ኢትዮጵያዊም ለትውልድ ወረዳው ሊያቅድ ይችላል።

የማመልከቻው ብርታት ያለው በቃላት ማማር አይደለም። «ሰላምን አስፋፋለሁ» የሚል አመልካች ምንም አልተናገረም። ሁለት መንደሮች በአንድ ምንጭ ምክንያት የሚጋጩ ቢሆኑ፣ የሚጋጩት በየትኛው ወር እንደ ሆነ፣ ሽማግሌዎቹ ከዚህ በፊት ምን ፈርደው እንደ ነበርና ፍርዱ ስለ ምን እንዳልጸና መግለጽ ይገባዋል። ከዚህም በቀር ሥራውን የጠየቁት የአገሩ ሰዎች መሆናቸውን ማሳየት አለበት። ሳይማከር የውሃ ፓምፕ ገዝቶ በአንደኛው መንደር ደጃፍ ቢተክለው፣ ስጦታው ራሱ አዲስ የጠብ ምክንያት ይሆናል። ተማሪውም ክረምቱ ሲያልፍ ወደ ትምህርቱ ይመለሳል፤ ጠቡ ግን ከባላገሩ ጋራ ይቀራል። ስለዚህ ፓምፑን ማን እንደሚጠብቀው፣ መለዋወጫውንም ማን እንደሚገዛ አስቀድሞ መወሰን ያስፈልጋል። ሲቀመጡ የሰቀሉት ሲቆሙ ለማውረድ ያስቸግራል እንዲሉ።

ሁለተኛው ቁም ነገር ሒሳብ ነው። 10,000 ዶላር ለአንድ ተማሪ ብዙ መስሎ ቢታይም፣ መጓጓዣው፣ ዕቃው፣ የጉልበት ዋጋውና የስብሰባው መስተንግዶ ሲቀነስለት ቶሎ ያልቃል። የምንዛሪም ነገር አለ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፣ 57 ብር ያህል ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ሆነ። የዕቃም ዋጋ እንዲሁ ባለበት አይቆይም። ስለዚህ አመልካቹ የእያንዳንዱን ዕቃ ዋጋ በአገሩ ገንዘብ፣ ዋጋው ከተጠየቀበት ቀን ጋራ መጻፍ ይገባዋል፤ ለዋጋ ለውጥም መጠባበቂያ መያዝ አለበት።

በዚህ ላይ የነጋዴው ርዳታ ያስፈልጋል። አንድ ተማሪ ወደ ሱቅ ገብቶ የቧንቧ፣ የሲሚንቶ ወይም የቆርቆሮ ዋጋ በጽሑፍ ሲጠይቅ፣ ነገ ሊገዛ ወይም ሊቀር ይችላል በማለት ችላ ሊባል አይገባውም። ማኅተምና ቀን ያለበት አንድ ገጽ የዋጋ ማቅረቢያ ነጋዴውን የሚያስከፍለው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ለአመልካቹ ግን ዕቅዱ ከምኞት የተለየ መሆኑን ያስመሰክርለታል። ግዢው በተፈጸመ ጊዜም ትክክለኛ ደረሰኝ መስጠት ከሁሉ ይበልጣል፤ ተማሪው ሥራው ሲያልቅ ገንዘቡን በምን ላይ እንዳዋለው ያስረዳ ዘንድ ይጠየቃልና። በደረሰኝ ላይ ከእውነተኛው ዋጋ አብልጦ የሚጽፍ ነጋዴ ግን የሚጎዳው ያንን ተማሪ ብቻ አይደለም፤ ከዚያ ወረዳ በኋላ የሚያመለክቱትን ሁሉ እምነት ያሳጣቸዋል።

ሁለቱ መንደሮች በአንድ ገበያ የሚገናኙ ከሆነ፣ የሰላማቸው ትርፍ ለገበያተኛው ሁሉ ይደርሳል። የዋጋ ማቅረቢያውን በጊዜው የጻፈ፣ ደረሰኙንም በእውነት የቈረጠ ነጋዴ፣ ለዚህ ሰላም የሚገባውን ድርሻ አዋጥቷል።