ሁለተኛዋ ሞግዚት ስትቀጠር

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ፈቃድ ከደመወዝ ጋር ይሰጣታል። የመንግሥት ቅድመ አንደኛ ክፍል ልጁን የሚቀበለው ደግሞ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። በመካከሉ ባሉት ዓመታት ልጁን ማን ይይዝላታል? በፍኖተ ሰላም ሰፈሮች መልሱ ተራ አለው። አያት ካለች አያት ትይዛለች። አያት ከሌለች ከገጠር አንዲት የዘመድ ልጅ ትመጣለች። እሷም ትምህርቷን ብላ ወይም የተሻለ ደመወዝ አግኝታ ስትሄድ፣ ተራው ልጇን ይዛ ቤት የምትውል ጎረቤት ላይ ይደርሳል።

ጎረቤቷ መጀመሪያ ገንዘብ መቀበል ያሳፍራታል። አንድ ልጅ ከራሷ ልጅ ጋር ቢውል ምን ይጎዳታል! ከዚያ የነርሷ ልጅ ይጨመራል፤ ከዚያ የመምህሯ፤ ከዚያ በወሬ ብቻ የምታውቃት የባንክ ሠራተኛ በር ታንኳኳለች። አምስት ሲሞሉ ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳ ሰው መጥራት ግድ ይሆንባታል፤ ስድስተኛውን እምቢ እንዳትል ደግሞ ገንዘቡ ያሳሳታል። “አንዲት ልጅ ልቅጠር” የሚለው ሐሳብ የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። ቀላል ይመስላል። ግን ያቺ ልጅ ደጃፉን ከረገጠችበት ቀን ጀምሮ ነገሩ የጉርብትና ውለታ አይደለም፤ ባለቤቲቱ አሠሪ ሆናለች።

የልጅ ጠባቂ ፈላጊ የሚበዛበት ምክንያት አለ። ፍኖተ ሰላም የምዕራብ ጎጃም ዞን ዋና ከተማ እንደመሆኗ የዞን መሥሪያ ቤቶች፣ ሆስፒታልና የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አሏት። ወደ ነቀምት የሚወስደው መንገድ በሚገነጠልባት በቡሬ ደግሞ የተቀናጀው የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክና የፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካ በ2013 ዓ.ም ተመርቀዋል። በ2010 ዓ.ም የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 መሥሪያ ቤቶች ሴት ሠራተኞቻቸው ሕፃናታቸውን የሚያጠቡበትና የሚንከባከቡበት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጎ ነበር። ይህ መሥሪያ ቤት ላላት እናት ጥሩ ነው። በርበሬ የምትቸረችር፣ በምግብ ቤት የምታስተናግድ፣ መናኸሪያ አካባቢ ሻይ የምታፈላ እናት ግን ማቆያ ክፈቱልኝ ብላ የምትጠይቀው አለቃ የላትም። የእሷ ማቆያ የጎረቤቷ ሳሎን ነው።

ወደ ረዳቷ እንመለስ። እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት የሕግ ልዩነት አለ። አዋጅ 1156 ለትርፍ ሳይሆን ለግል አገልግሎት የተቀጠረን ሰው፣ ማለትም የቤት ሠራተኛን፣ ከተፈጻሚነቱ ወሰን ውጪ ያደርጋል። የሌሎች ሰዎችን ልጆች በክፍያ በሚጠብቅ ቤት ልጅ ለመያዝ የተቀጠረች ሴት ግን የባለቤቲቱን ቤተሰብ ብቻ የምታገለግል አይደለችም፤ ገቢ በሚያስገኝ ሥራ ላይ ነች። ስለዚህ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት የሚለው ገደብ፣ የሳምንት ዕረፍቱና ለመጀመሪያው ዓመት የሚሰጠው 16 የሥራ ቀን ፈቃድ እሷንም ይመለከታል። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪዋ በ15 ቀን ውስጥ ዋና ዋና ነጥቦቹን የያዘ ፈርማ የምትሰጣት ጽሑፍ መኖር አለበት። የሙከራ ጊዜው ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። ንግድ ፈቃድ አውጥታ በቋሚነት ከቀጠረቻት ጡረታም ይመጣል፤ 11 በመቶ ከአሠሪዋ፣ 7 በመቶ ከሠራተኛዋ። የደመወዝ ወለል ግን ለግል ዘርፍ አልተወሰነም፤ ዋጋውን የሚቆርጡት የሁለቱ ድርድርና የሰፈሩ ልማድ ናቸው።

ልማዱ ደግሞ አያምርም። ጎህ ሳይቀድ ቤት ጠርጋ፣ እንጀራ ጋግራ፣ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ልጅ አዝላ፣ ማታ ዕቃ አጥባ እዚያው የምታድር ልጅ በአንድ ደመወዝ ሁለት ሥራ እየሠራች ነው። ብዙ ጊዜ እሷ ራሷም ልጅ ናት። ሕጉ ከ15 ዓመት በታች የሆነችን ማሠራት ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ያለችውን በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ሌሊትና በዕረፍት ቀን ማሠራትም እንደዚሁ። የማታ ትምህርት የምትማር ረዳት ወላጆች ዘግይተው ሲመጡ ክፍል ታረፍዳለች፤ ይህ ሦስት ጊዜ ከተደጋገመ ወይ ትምህርቱን ትተዋለች፣ ወይ ቤቱን። ቤቱን ብትተው የሚጎዱት ጠረኗን የለመዱት ሕፃናት ናቸው።

ሒሳቡም እንደሚመስለው አይደለም። ለምሳሌ አምስት ልጆች የያዘች ሴት የረዳቷ ደመወዝ የሁለት ልጅ ክፍያ ያህል ቢሆንባትና ሦስት ልጆች ብትጨምር፣ ከጭማሪው በእጇ የምትቀረው የአንድ ልጅ ክፍያ ናት። ከእሷም ላይ ሳሙና፣ ከሰል፣ ውኃና ፍራሽ ይቀነሳል። ስለዚህ የመጀመሪያዋ ረዳት ትርፍ አታመጣም፤ የምታመጣው ዕረፍትና ዋስትና ነው። ባለቤቲቱ ብትታመም ወይም ለቅሶ ብትደርስ ስምንት እናቶች ከሥራ አይቀሩም። ይህን ያልተረዳች ሴት ትርፉን በሦስት ሳይሆን በስድስት ልጅ ጭማሪ ትፈልገዋለች፤ ያኔ ቤቱ ልጅ የሚያድግበት ሳይሆን ልጅ የሚከማችበት ይሆናል።

ስንት ልጅ ለስንት እጅ? በእንግሊዝ ሞግዚትነት ፈቃድና ቁጥጥር ያለበት ሙያ በመሆኑ ለጥያቄው የተጻፈ መልስ አለ። በመደበኛው አንዲት የቤት ሞግዚት በአንድ ጊዜ ከስምንት ዓመት በታች የሆኑ ከስድስት የማይበልጡ ልጆች ትይዛለች። ከእነዚህ ትምህርት ቤት ለመግባት ያልደረሱት ከሦስት፣ ዓመት ያልሞላቸው ደግሞ ከአንድ መብለጥ የለባቸውም። ረዳት ስትጨመር ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ ነገር ግን ረዳቷን ከልጆቹ ጋር ብቻዋን ለመተው የወላጅ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ያውም በቀን ከሁለት ሰዓት ለማይበልጥ ጊዜ። ይህን እንዳለ ወደ ቡሬ ማምጣት አይቻልም፤ ሦስት ሕፃን ብቻ የያዘች ሞግዚት እዚህ የቤት ኪራይም አትከፍል። ከሕጉ ሊወሰድ የሚገባው አስተሳሰቡ ነው፦ የሚቆጠረው ክፍሉ ሳይሆን ያልሄደው ሕፃን ነው። መሄድ የጀመረ ሦስት ልጅ በአንድ ዓይን ይጠበቃል። የሚዳኽ አንድ ሕፃን ግን ከሰል ወዳለበት ለመድረስ ጀርባ እስኪዞር ብቻ ነው የሚጠብቀው።

ጎጃም ለረዳት አሠራር እንግዳ አይደለም። በየቤተ ክርስቲያኑ የኔታ አምሳ ልጅ የሚያስተምሩት ብቻቸውን አይደለም፤ ንባብ የዘለቀው ልጅ ፊደል ጀማሪውን ያስቆጥራል። ሆኖም የፊደል ስሕተት በነጋታው ይታረማል፤ ጉሮሮ ላይ የቀረ ኦቾሎኒ ግን ጊዜ አይሰጥም። ረዳቷ ሥራ ከመጀመሯ በፊት ልትሠለጥን የሚገባው ለዚህ ነው። ሥልጠናው ውድ መሆን የለበትም። ከ1995 ዓ.ም ጀምሮ በገጠር፣ በኋላም በከተማ የተስፋፋው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ባለሙያዎቹን እስከ ቀበሌ አድርሷል። የእጅ አስተጣጠብ፣ የክትባት ካርድ አነባበብ፣ ሕፃንን በጀርባው ማስተኛት፣ ተቅማጥ የያዘው ልጅ ምን ሲያሳይ ወደ ጤና ጣቢያ እንደሚወሰድ ከእነሱ መማር ይቻላል።

ምግቡ ለብቻው የሚነሣ ጉዳይ ነው። ምዕራብ ጎጃም በቆሎ፣ ጤፍ፣ ዳጉሳና ድንች የሚያፍስ አገር ነው። ሆኖም በ2008 ዓ.ም የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶ ያህሉ ለዕድሜያቸው ከሚገባው ቁመት አጥረው አግኝቷቸዋል፤ በአገር ደረጃ ቁጥሩ 38 በመቶ ነበር። እህል ሞልቶ ልጅ የሚቀነጭረው አንድም በአመጋገቡ ነው። ምሳ ዕቃው ከቤት ተልኮ ሳይበላ ቢመለስ እናቲቱ የምታውቀው ማታ ነው፤ ረዳቷ ጊዜ ከሌላት ደግሞ ምግቡ ለሌላ ልጅ ይሰጥና ዕቃው ባዶ ሆኖ ይመለሳል። የባሰው ይኼ ነው። ስለ ጡት ወተትም ያው ነው። ሕፃን እስከ ስድስት ወሩ ጡት ብቻ እንዲጠባ ይመከራል፤ የወሊድ ፈቃዱ ግን በሦስተኛው ወር ያልቃል። የታለበ የእናት ጡት ወተት በክፍል ሙቀት እስከ አራት ሰዓት እንደሚቆይ የምታውቅ ረዳት ያለችበት ቤት ለዚያች እናት ትልቅ ነገር ነው።

ታዲያ ሰው እንዴት ይመረጥ? የተለመደው ደላላና ዋስ ነው። ዋስ ዕቃ ቢጠፋ ይጠቅማል፤ ልጅቷ ሕፃን ሲያለቅስባት የምትቆጣ ትሁን የምትታገሥ ግን ዋሱ አያውቅም። ከዚህ ይልቅ ባለቤቲቱ እያየቻት ጥቂት ቀን ከልጆቹ ጋር እንድትውል ማድረግ፣ ወላጆችንም ስሟን ነግሮ ማስተዋወቅ ይሻላል። ወላጅ ልጁን የሰጠው ለሚያውቃት ሴት ነው። አንድ ቀን ጠዋት በሩን የማያውቃት ልጅ ስትከፍትለት እምነቱ ይጎድላል።

ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ በክልሉ የተከሰተው ግጭት ለዚህ ሥራ ሌላ ክብደት ጨምሮበታል። መንገድ ሲዘጋ ወደ ሥራ የወጣች እናት በሰዓቷ ላትመለስ ትችላለች፤ ስልክም ላይሠራ ይችላል። በእንዲህ ያለ ቀን ልጁን ማን እንዲወስድ እንደተፈቀደ፣ የሚወስደው ከሌለም የት እንደሚያድር አስቀድሞ በደብተር መጻፍ አለበት። ረዳቷም ከሰፈሩ ብትሆን ይመረጣል፤ መንገድ ተዘጋ ብላ አትቀርም።

ገጠር ሲገባ ነገሩ መልኩን ይለውጣል። በጃቢ ጠህናን ወይም በቋሪት የጤፍ አረም ሲደርስ ሕፃኑን የምትይዘው ታላቅ እኅት ናት፤ ካልሆነም ልጁ በአንቀልባ ታዝሎ ማሳ ይወርዳል። በወር የሚከፈል ሞግዚት እዚያ ገበያ የላትም። አረምና አጨዳን በወንፈል የሚሠራ ሰው ግን ልጅ መያዝንም በተራ ቢያደርገው አዲስ ነገር አይሆንበትም፤ አምስት ቤት ተባብሮ በየቀኑ ሁለት ሴት ቢያስቀር ታላቋ እኅት ከክፍል አትቀርም።

በናይሮቢ ኪዶጎ የተባለ ድርጅት የያዘው መንገድ ለከተማዎቹ ይቀርባል። የራሱን ማቆያ ብቻ ከመክፈት ይልቅ ቀድሞውንም በየመንደሩ ልጅ የሚይዙትን ሴቶች ያሠለጥናል፣ መመዘኛ ይሰጣል፣ እየተመላለሰ ይደግፋል፤ ቤቱም ገቢውም የሴቶቹ እንደሆነ ይቀጥላል። በፍኖተ ሰላም ለዚህ የሚሆኑ ነገሮች ተበታትነው አሉ፤ ኮሌጁ፣ የጤና ባለሙያዎቹ፣ ከአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ) ያደገው ፀደይ ባንክ፣ የሴቶቹ እቁብ። ብድሩ ሲገኝ መጀመሪያ የሚታሰበው ክፍል መጨመር መሆኑ ግን ያሳስባል። ክፍል አንዴ ይሠራል፤ ደመወዝ በየወሩ ይመጣል።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ደግሞ ይህ ይገለጣል። ሐምሌ ሲገባ መምህራን ልጆቻቸውን ይዘው ቤት ይውላሉ፤ ገቢው ይወርዳል፣ የረዳቷ ደመወዝ ግን ባለበት ነው። በዚህ ወቅት ረዳቷን ያሰናበተች ባለቤት በመስከረም ሌላ ልጅ እንደገና ታሠለጥናለች፤ ሕፃናቱም አዲስ ፊት ይለምዳሉ። ከወላጆች ጋር ገና ሲመዘገቡ በክረምት ቦታ ማስጠበቂያ ግማሽ ክፍያ እንደሚኖር መስማማት ችግሩን ያቀለዋል፤ አለዚያም ከአሥሩ ወር ክፍያ ላይ በየወሩ ጥቂት እያስቀሩ ለሐምሌና ነሐሴ ደመወዝ ማቆየት ነው።